ፈጣኑ የተርቦች ማይቶኮንድሪያ፦ ስለ ዘረ መሎቹ ዝግመተ ለውጥ የተደረገ ዳሰሳ

በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። አብዛኛው በሕዋሱ አስኳል፣ ማለትም በኑክሊየስ ውስጥ ባሉት ክሮሞዞሞች ላይ ሲገኝ፣ ጥቂቱ ደግሞ ምግብን በኦክስጅን እያቃጠለ ለሕዋሱ ኃይል በሚያመርተው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ፣ ክብ በሆነ አጭር ዲኤንኤ ላይ ሰፍሯል። ይህ አጭር ዲኤንኤ በአብዛኞቹ እንስሳት ዘንድ 37 ዘረ መሎችን ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ 13ቱ ለፕሮቲን፣ 22ቱ አሚኖ አሲዶችን ወደ ፕሮቲን መሥሪያው ለሚያደርሱ አጓጓዥ አርኤንኤዎች፣ የቀሩት 2ቱ ደግሞ ራይቦዞም ለተባለው ለዚያው ፕሮቲን መሥሪያ ክፍሎች መመሪያ ይሰጣሉ። ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ የሚወረስ በመሆኑ፣ በአስኳሉ ዘረ መሎች ላይ በየትውልዱ የሚካሄደው የእናትና የአባት ዘር መቀላቀል እነዚህን 37 ዘረ መሎች አይነካቸውም።

የማይቶኮንድሪያ ዘረ መሎች በእንስሳት ዓለም በአጠቃላይ ከአስኳል ዘረ መሎች ፈጥነው የሚለወጡ መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል። ተርቦች ግን በዚህ ረገድ ከሌሎች ነፍሳት እንኳ ተለይተው ይታያሉ፤ በብዙዎቹ የተርብ ዘሮች የለውጡ ፍጥነት ከተለመደው እጅግ የላቀ፣ የዘረ መሎቹ አሰላለፍም በተደጋጋሚ የተናጋ ነው። ባለፉት ሦስት ዐሥርተ ዓመታት የተካሄዱት ጥናቶች ሦስት ተያያዥ ጥያቄዎችን ሲመረምሩ ቆይተዋል፦ ፍጥነቱ ከየት መጣ? አስኳሉ ለዚህ ፍጥነት የሚሰጠው ምላሽ ምንድን ነው? እነዚህን ዘረ መሎች ዝርያዎችን ለመለየት የሚጠቀም ባለሙያስ ምን ሊጠነቀቅ ይገባዋል? ከጥናቶቹ ድምር የሚታየው፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ወጥ ምክንያት አለመገኘቱና፣ ይልቁንም ጠንካራው ማስረጃ የተከማቸው ከፍጥነቱ መንሥኤ ይልቅ ፍጥነቱ በሚያስከትለው ውጤት ላይ መሆኑ ነው።

የንጽጽሩ መነሻ

ተርቦች የሚመደቡት ከንቦች፣ ከጉንዳኖችና ተክል በል ከሆኑት መጋዝ መሰል ነፍሳት ጋር ሃይሜኖፕቴራ በተባለው ክፍለ መደብ ውስጥ ነው። ይህ ክፍለ መደብ እስካሁን ስም የተሰጣቸው ከ150,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። በተለምዶ ተርብ ሲባል የሚታሰበው ቢጫና ጥቁር ቀለም ያለው ተናዳፊው ነፍሳት ቢሆንም፣ ከተርቦች አብዛኞቹ ለሰው ዓይን እምብዛም የማይታዩ፣ እንቁላላቸውን በሌላ ነፍሳት አካል ላይ ወይም ውስጥ የሚጥሉ፣ ተፈልፍሎ የሚወጣው እጭም አስተናጋጁን እየበላ የሚገድል ጥገኛ ተርቦች ናቸው። ንቦችና ጉንዳኖች ራሳቸው የተገኙት ከእነዚሁ ተርቦች የዘር ግንድ ሲሆን፣ ይህ እውነታ ኋላ ለሚነሳው ክርክር ትልቅ ክብደት አለው።

ለንጽጽር እንደ መነሻ የሚያገለግለው ድሮሶፊላ ያኩባ የተባለችው የፍራፍሬ ዝንብ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሙሉ ቅደም ተከተሉ የታተመው ይህ ዲኤንኤ 16,019 ኑክሊዮታይዶች፣ በተለምዶ የዲኤንኤ ፊደላት የሚባሉት፣ ያሉት ሲሆን፣ የዘረ መሎቹ አሰላለፍም ለነፍሳት ሁሉ የጋራ ቅድመ አያት ከነበረው አሰላለፍ ጋር አንድ እንደሆነ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ሮስ ክሮዚየር የተሳተፉበት የማር ንብ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሙሉ ቅደም ተከተል ይፋ ሆነ። የንቧ ዲኤንኤ 16,343 ፊደላት ያሉት በመሆኑ ከዝንቧ ጋር በርዝመት ተቀራራቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ከአጓጓዥ አርኤንኤ ዘረ መሎቿ 11ዱ በዝንቧ ዲኤንኤ ላይ ካላቸው ቦታ ተነቃንቀው የተገኙ ሲሆን፣ ከአራቱ የፊደል ዓይነቶች ኤ እና ቲ የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ከጠቅላላው 85 በመቶ ገደማውን ይይዛሉ። በክፍለ መደቡ የዘር ሐረግ ቀድመው የተገነጠሉት ተክል በል ነፍሳት ግን ከጥንታዊው አሰላለፍ ብዙም ያልራቁ ሆነው ስለተገኙ፣ ፍጥነቱ የጨመረው ተርቦችን፣ ንቦችንና ጉንዳኖችን ባቀፈው ቅርንጫፍ ላይ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

ጥገኝነት ምክንያት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1995 ማርክ ዳውተንና አንድሪው ኦስቲን በአውስትራሊያ ባካሄዱት ጥናት፣ በሃይሜኖፕቴራ ዘንድ የማይቶኮንድሪያ ዘረ መሎች ልዩነት መጨመር ከጥገኝነት ኑሮ መፈጠር ጋር ተያይዞ እንደሚታይ አመለከቱ። ለዚህ ተዛምዶ በመስኩ ሲሰነዘሩ ከቆዩት ማብራሪያዎች አንዱ የሕዝብ ብዛትን ይመለከታል፦ አንድ ጥገኛ ተርብ በአንድ አስተናጋጅ ላይ ብዙ ልጆች ስትጥልና እነርሱም እርስ በርሳቸው ሲዋለዱ፣ ለቀጣዩ ትውልድ ዘር የሚያወርሱት እናቶች ቁጥር ያንሳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ በመጠኑ ጎጂ የሆኑ ለውጦች በተፈጥሯዊ ምርጫ ሳይወገዱ በአጋጣሚ ብቻ በዝርያው ውስጥ ሊሰፍኑ ይችላሉ። ሌላው ማብራሪያ ጥገኛውና አስተናጋጁ በማያቋርጥ የመጠቃቃትና የመከላከል ፉክክር ውስጥ ስለሚገኙ ፈጣን ለውጥ ይጠቅማቸዋል የሚል ነው።

ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም፣ ኋላ የመጡ ማስረጃዎች ብቻውን የሚያዋጣ እንዳልሆነ አሳዩ። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ካስትሮ፣ ኦስቲንና ዳውተን ጥገኛ ተርቦችን ከጥገኛ ዝንቦች ጋር ባነጻጸሩበት ሥራ፣ በዝንቦቹ ዘንድ ጥገኝነት የማይቶኮንድሪያን ለውጥ እንደማያፋጥን ተገኘ፤ ጥገኝነት ራሱ በቂ ምክንያት ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ውጤት በታየ ነበር። ሁለተኛ፣ ንቦችና ጉንዳኖች የጥገኝነትን ኑሮ ከተዉ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ቢያልፉም ፈጣን ማይቶኮንድሪያቸውን ይዘው ቀጥለዋል። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ማርቲን ካልተንፖትና ባልደረቦቻቸው፣ ንቦችን እያደነች ለልጆቿ በምትቀልበው ተርብና በዘመዶቿ ላይ ባካሄዱት ምርመራ፣ የተፋጠነው የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ብቻ እንጂ የአስኳሉ እንዳልሆነ አረጋገጡ። የሕዝብ ቁጥር ማነስ ወይም የትውልድ ዕድሜ ማጠር ዋናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ጫናው በሁለቱም ጂኖሞች፣ ማለትም በአስኳሉም በማይቶኮንድሪያውም የዘር መረጃ ስብስብ ላይ በታየ ነበርና፣ ይህ ውጤት ዓይን ወደ ማይቶኮንድሪያው የራሱ አሠራር፣ ማለትም ዲኤንኤውን ወደሚገለብጡትና ስሕተት ወደሚያርሙት ኢንዛይሞች እንዲዞር አድርጓል። በእርግጥ ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ ስለሚወረስና ዘር ስለማይቀላቅል፣ ለተመሳሳይ ጫና ከአስኳሉ ይልቅ የተጋለጠ ነው የሚል መልስ መስጠት ይቻላል፤ ሆኖም ልዩነቱን በሙሉ በዚህ ብቻ ለማስረዳት መሞከር አዳጋች ነው።

የአሰላለፍ መናጋት

ፍጥነቱ በፊደላት መለዋወጥ ብቻ አይወሰንም። ኮክስ2 እና ኤቲፒ8 በተባሉት ሁለት የፕሮቲን ዘረ መሎች መካከል ያለው ቦታ በተለመደው የነፍሳት አሰላለፍ ሁለት አጓጓዥ አርኤንኤዎችን ይይዛል፤ በተርቦች ዘንድ ግን እነዚህ ሁለቱ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ወደ ተቃራኒው የዲኤንኤ ገመድ ይገለበጣሉ፣ ሌሎችም በመካከላቸው ይገባሉ። ዳውተንና ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን ቦታ የመናጋት ማዕከል አድርገው ገልጸውታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ዳውተንና ባልደረቦቻቸው በክፍለ መደቡ ውስጥ 67 የአጓጓዥ አርኤንኤ ዘረ መሎችን መፈናቀል መርምረው፣ የእነዚህ ዘረ መሎች ቦታ ለተርቡ ደኅንነት ጉዳትም ጥቅምም የማያመጣ፣ በተፈጥሯዊ ምርጫ ዓይን ገለልተኛ የሆነ ጉዳይ ይመስላል ወደሚል መደምደሚያ ደርሰዋል።

መናጋቱ የሚፈጠርባቸው መንገዶች ቢያንስ ሁለት ናቸው። በአንደኛው መንገድ፣ ዲኤንኤው ሲገለበጥ የተወሰነ ክፍሉ በስሕተት ሁለት ጊዜ ይጻፍና፣ ከድግግሞሹ ትርፍ የሆኑት ቅጂዎች በጊዜ ሂደት ሲጠፉ የቀሩት ዘረ መሎች ከቀድሞው በተለየ ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። በሁለተኛው መንገድ፣ የዲኤንኤው ቁራጭ ተቆርጦ ተገልብጦ ይቀጠላል። የዚህ ዓይነቱ መገልበጥ ጎልቶ የሚታየው ናሶኒያ በተባለው የጥገኛ ተርብ ወገን ሲሆን፣ በዚያ ከኮክስ1 እስከ ናድ3 ድረስ ያሉ ስድስት የፕሮቲን ዘረ መሎች በአንድነት ተገልብጠው ይገኛሉ።

መገልበጡ ከአሰላለፍ ያለፈ መዘዝ አለው። ሁለቱ የዲኤንኤ ገመዶች በሚባዙበት ጊዜ አንዱ ከሌላው ይልቅ ለረጅም ጊዜ ነጠላ ሆኖ ስለሚጋለጥ የሚደርሱበት የፊደል ለውጦች ዓይነትም ይለያል፤ ስለዚህ ወደ ሌላው ገመድ የተዛወረ ዘረ መል አዲስ የለውጥ ጫና ይገጥመዋል። በዚህ ምክንያት የቅርብ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ተርቦች ተመሳሳይ የፊደል ስብጥር ሊያዳብሩና፣ የዝምድና ሐረግን የሚያሰላው ሰው የሩቁን ዘመድ ከቅርቡ ጋር አዛምዶ ሊሳሳት ይችላል።

ናሶኒያ በቅርበት

ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝመው ናሶኒያ ለጥያቄው ዋና መመርመሪያ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። እንቁላሏን የምትጥለው በዝንብ ፑፓ፣ ማለትም እጩ ወደ በራሪ ነፍሳት በሚለወጥበት ሽፋን ውስጥ በመሆኑ በቤተ ሙከራ በቀላሉ ትረባለች፤ ትውልዷም በሁለት ሳምንት ገደማ ይተካል። የሚታወቁት አራት ዝርያዎቿ ቪትሪፔኒስ፣ ጂራውልቲ፣ ሎንጊኮርኒስና ኦናይዳ ይባላሉ። ቪትሪፔኒስ በብዙ የዓለም ክፍሎች ስትገኝ፣ ጂራውልቲ በምሥራቅ፣ ሎንጊኮርኒስ ደግሞ በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ይኖራሉ። የሦስቱ ዝርያዎች የአስኳል ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኦሊቬይራ፣ ጆን ዌረንና ባልደረቦቻቸው የሦስቱን ዝርያዎች የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አነጻጽረው፣ የፊደል ለውጡ ፍጥነት ከአስኳል ዘረ መሎች ከ30 እጥፍ በላይ መሆኑን አገኙ። በእንስሳት ዘንድ የተለመደው ከ10 እጥፍ በታች ስለሆነ፣ ይህ ከተመዘገቡት ከፍተኛ ፍጥነቶች አንዱ ነው። ከፍጥነቱ በላይ ትኩረት የሳበው ግን የለውጦቹ ዓይነት ነበር። በዘረ መል ላይ የሚደርስ የፊደል ለውጥ የፕሮቲኑን አሚኖ አሲድ ሊቀይር ይችላል፤ ምንም ሳይቀይር ዝም ብሎ ሊያልፍም ይችላል። በአንድ ዝርያ ውስጥ በሚታየው ልዩነት የሁለቱ ዓይነት ለውጦች ምጣኔ ይሰላና በዝርያዎች መካከል ከሰፈነው ልዩነት ምጣኔ ጋር ይነጻጸራል፤ አሚኖ አሲድ የሚቀይሩት በዝርያዎች መካከል ከተጠበቀው በላይ ከበዙ፣ ለውጦቹ በአጋጣሚ ሳይሆን በሚጠቅም ምርጫ እየተገፉ እንደሰፈኑ ይታመናል። ኤቲፒ6 እና ኤቲፒ8 በተባሉት ዘረ መሎች ላይ የታየው ይኸው ነው። ኮክስ1 በበኩሉ ፕሮቲኑን እንዳለ የሚጠብቅ ምርጫ ምልክት አሳይቷል፤ ያም ሆኖ የለውጡ ፍጥነት ከሌሎች ነፍሳት ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ አጭር ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን የሚገኙ ዘረ መሎች እንኳ በአንድ ዓይነት ምርጫ ሥር አይኖሩም።

የአስኳሉ ምላሽ

የማይቶኮንድሪያው 13 ፕሮቲኖች ብቻቸውን አይሠሩም። ኃይል የሚመረትባቸው አምስት የፕሮቲን ውሑዶች አሉ፤ ከ13ቱ ሰባቱ በመጀመሪያው፣ አንዱ በሦስተኛው፣ ሦስቱ በአራተኛው፣ ሁለቱ በአምስተኛው ውሑድ ውስጥ ይገባሉ፣ የቀሩት ክፍሎች በሙሉ ደግሞ ከአስኳል ዘረ መሎች ይመጣሉ። ሁለተኛው ውሑድ ከማይቶኮንድሪያ የሚመጣ አንድም ክፍል የለውም። አብረው የሚሠሩ ክፍሎች እንደ ወፍጮና መጅ እየተሳሳሉ የሚሄዱ በመሆናቸው፣ የማይቶኮንድሪያው ወገን ሲለወጥ ከእርሱ ጋር የሚገጣጠመው የአስኳል ወገን ጉድለቱን የሚያካክስ ለውጥ ማምጣት ይኖርበታል፤ ይህም አካካሽ ጣምራ ዝግመተ ለውጥ ይባላል።

ለዚህ ሐሳብ የተርቦች የጾታ አወሳሰን ልዩ መፈተኛ ሆኗል። በወንዴ ዘር ከዳበረ እንቁላል ሴት ትወለዳለች፤ ካልዳበረ እንቁላል ደግሞ አንድ ቅጂ ክሮሞዞሞች ብቻ ያሉት ወንድ ይወለዳል። የናሶኒያ ዝርያዎች በአብዛኛው ዎልባኪያ በተባለ፣ በሕዋስ ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ የተያዙ ሲሆን፣ ይህ ባክቴሪያ የተለያዩ ዝርያዎች እንዳይዳቀሉ ያግዳል፤ ብሬወርና ዌረን እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳዩት ግን ተርቦቹ በአንቲባዮቲክ ከጸዱ ድቃይ ይወለዳል። የመጀመሪያው ትውልድ ድቃይ ሴቶች የሁለቱንም ዝርያዎች ሙሉ የአስኳል ቅጂ ስለያዙ ጤነኞች ናቸው፤ ለማይቶኮንድሪያቸው የሚስማማው ቅጂ ሁልጊዜ በውስጣቸው አለና። ካልዳበረ እንቁላላቸው የሚወለዱት ወንዶች ግን ከሁለቱ ዝርያዎች የተቀላቀለ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሚኖራቸው አለመጣጣሙን የሚሸፍንላቸው የለም። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 እንደዘገቡት፣ ከእነዚህ የሁለተኛ ትውልድ ወንዶች ብዙዎቹ በእጭነት ያልቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጡ ሁለት ሥራዎች ለዚህ እልቂት ማብራሪያ አቀረቡ። ኤሊሰን፣ ኒሁይስና ጋዳው የሁለተኛ ትውልድ ድቃይ ወንዶች ማይቶኮንድሪያ ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ሞለኪውል የማምረት አቅሙ እንደሚቀንስ ለኩ። ኒሁይስ፣ ጃድሰንና ጋዳው ደግሞ ሞቱ የአስኳሉና የማይቶኮንድሪያው ዘረ መሎች ካለመጣጣማቸው እንደሚመነጭ፣ ማለትም በአስኳሉ የተወሰኑ ክፍሎች ላይ የሚጎዳው ቅጂ የእናት ወገን ሕዋስ ከየትኛው ዝርያ እንደመጣ እየታየ እንደሚወሰን አሳዩ። የዝርያዎች መለያየት በዚህ ደረጃ ከኃይል ማምረቻው ጋር የተሳሰረ ሆኖ የተገኘባቸው እንስሳት ጥቂት ናቸው።

ይሁንና ማስረጃው በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ከማይቶኮንድሪያ ጋር የሚሠሩ የአስኳል ዘረ መሎች ፈጥነው መለወጣቸው ብቻውን የአካካሽነት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ምርጫው ላልቶባቸው ለውጥ የሚታገሡ ዘረ መሎችም ፈጣን ሆነው ይታያሉና። ሁለቱን ለመለየት ከማይቶኮንድሪያ ፕሮቲን ጋር በቀጥታ የሚገናኙትን ክፍሎች፣ ከማይገናኙትና ከሁለተኛው ውሑድ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ያን፣ ዬና ዌረን በናሶኒያና በሌሎች ነፍሳት ላይ ያቀረቡት ትንተና ጣምራ ለውጥ መኖሩን የሚደግፍ ሲሆን፣ ይህ ግን የየዘረ መሉን ጉዳይ በተናጠል ከመፈተሽ አያድንም።

ዘረ መሉ እንደ መለያ

እነዚህ ጥያቄዎች ከንድፈ ሐሳብ ወጥተው በማሳ ላይ ይታያሉ። ከኮክስ1 የሚወሰደው 658 ፊደላት ያሉት ቁራጭ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የእንስሳት ዲኤንኤ ባርኮድ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኮስታ ሪካ በስድስት ወገኖች የጥገኛ ተርብ ስብስብ ላይ በተካሄደ ሥራ፣ በመልክ ብቻ 171 ተብለው የተቆጠሩት ዝርያዎች ባርኮድ፣ የአስተናጋጆቻቸው ማንነትና የአካል ምርመራ ሲጣመሩ 313 ሆነው ተገኝተዋል።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ ከበቆሎ ማሳ ጋር ይገናኛል። መጤው የአሜሪካ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 በአገሪቱ ከተከሰተ በኋላ በተደረገው የተፈጥሮ ጠላቶች ቅኝት፣ በእጩ ላይ ከተገኙት ጥገኛ ተርቦች ዋነኛዋ በዚያው ዓመት በሳይንስ የተሰየመችው ኮቴሲያ ኢሲፔ ነበረች። የዚህ ወገን ተርቦች ጥቃቅንና ጥቋቁር በመሆናቸው በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ፤ የበቆሎና የማሽላ አገዳ ቆርቁር እጭን የሚያጠቁት ኮቴሲያ ፍላቪፔስና ኮቴሲያ ሴሳሚዬ በዋናነት የሚለዩት በወንዶቹ የመራቢያ አካል ነው። ከውጭ የመጣችው ተርብ ሰፍናለች ወይስ የአገሯ ተርብ ነች የምትሠራው የሚለው ጥያቄ የሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥርን ውጤት የሚወስን በመሆኑ፣ ፈጣኑ ኮክስ1 እዚህ ላይ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ጥቅሙ ግን ገደብ አለው። ዎልባኪያም ከእናት ስለሚወረስ፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ሲስፋፋ አብሮት የተገኘውን የማይቶኮንድሪያ ዓይነት ይዞ ይስፋፋል፤ በዚህም ልዩነቱ ጠፍቶ ሕዝቡ በቅርቡ የተስፋፋ ሊመስል፣ ድቃይ በተወለደበት ቦታ ደግሞ አንዱ ዝርያ የሌላውን ማይቶኮንድሪያ ይዞ ሊገኝ ይችላል። የማይቶኮንድሪያ ቁርጥራጮች ወደ አስኳሉ ገብተው መቅረታቸው በናሶኒያ ቪትሪፔኒስ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ተመራማሪው ሳያውቅ እውነተኛው ዘረ መል ሳይሆን የሞተ ቅጂው ሊነበብ ይችላል። ቅርብ ዘመዶችን በሚገባ የሚለየው ፍጥነትም ወደ ሩቅ ዘመን ሲኬድ እንከን ይሆናል፤ አንዱ ቦታ ደጋግሞ ሲለወጥ የቀደመው ለውጥ አሻራ ይሰረዛልና።

የጥናቶቹ ድምር

ተርቦች ፈጣን ማይቶኮንድሪያ እንዳላቸው፣ ፍጥነቱ ከአስኳሉ ተነጥሎ እንደሚታይና፣ ቢያንስ በናሶኒያ ዘንድ ለድቃዮች መጎዳት አስተዋጽኦ እንዳለው ከእንግዲህ አያከራክርም። ያልተዘጋው ጥያቄ የመነሻው ነው፤ ጥገኝነት ከመነሻው ጋር ይገጣጠም እንጂ ብቻውን እንደማያስረዳ ንቦች፣ ጉንዳኖችና ጥገኛ ዝንቦች ይመሰክራሉ። መልሱ የሚጠበቀው ማይቶኮንድሪያውን የሚገለብጡትንና የሚያርሙትን የአስኳል ዘረ መሎች በተክል በሎቹና በተርቦቹ መካከል ከሚያነጻጽር፣ በትውልዶች መካከል የሚፈጠረውንም ለውጥ ምርጫ ሳይነካው በቀጥታ ከሚለካ ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ፣ በባርኮድ ዝርያ የሚለይ ባለሙያ ከኮክስ1 ጎን ቢያንስ አንድ የአስኳል ዘረ መል ማንበቡና የዎልባኪያን መኖር መመርመሩ እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ ሳይሆን እንደ መሠረታዊ የሥራ ደንብ ሊቆጠር ይገባል።